ትንሽነት ማዳበሪያ ይሆናልን? ስለ ናኖ ቅንጣት ማዳበሪያዎች በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ሰብል ምግብ የሚጽፉትን የውጭ አገር የሳይንስ መጽሔቶች የሚገልጥ ተማሪ «ናኖ» የሚለውን ቃል ሳያገኝ ብዙ ገጽ አያልፍም። ዚንክን፣ ብረትን፣ መዳብን፣ ማንጋኒዝንና እነዚህን የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች እጅግ ደቃቅ በሆኑ ቅንጣቶች አማካይነት ወደ ተክል ማድረስ ይቻላል፤ እንዲህ ሆኖ የተሰናዳ ማዳበሪያ በጥቂት መጠን ብዙ ይሠራል፤ ብክነትንም ያስቀራል የሚለው አሳብ በብዙ ጽሑፎች ተደጋግሞ ይነበባል። ርእሱ አዲስና ማራኪ ስለ ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሊመርጡት የሚያስቡ ተማሪዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ማንም ወደ ሙከራው ከመግባቱ በፊት እስካሁን የተጻፈውን ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል ብለን ይህን ሂስ ለአንባቢያን አቅርበናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዓላማችን አዲሱን ጥበብ ለማጣጣል አይደለም። ጥያቄያችን አንዲት ናት፤ ይኸውም በነዚህ ጥናቶች የታየው ጥቅም የተገኘው ከንጥረ ነገሩ ነው ወይስ ከቅንጣቱ ትንሽነት? የተራበ ሰው እንጀራ ቢበላ የሚጠግበው በእንጀራው ነው እንጂ በሞሰቡ አይደለም። አዲሱ ሞሰብ ከአሮጌው ይሻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እንጀራ በአንድ ልክ አቅርቦ ሊያሳየን ይገባዋል። ዚንክ የጐደለው ተክል በማናቸውም መልክ ዚንክ ቢሰጠው ያገግማል። ማገገሙን ብቻ አይቶ ለትንሽነቱ ምስጋና መስጠት ግን ያልተረጋገጠን ነገር እንደ ተረጋገጠ መቍጠር ይሆናል።

ሀ) ስለ ጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮች

ተክል በብዛት ከሚፈልጋቸው ከናይትሮጅን፣ ከፎስፎረስና ከፖታሲየም ሌላ በጥቂቱ የሚፈልጋቸው ስምንት ንጥረ ነገሮች እንዳሉ የታወቀ ነው። እነርሱም ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቦሮን፣ ሞሊብደነም፣ ክሎሪንና ኒኬል ናቸው። የነዚህ ነገሮች አስፈላጊነት የተረጋገጠበት መንገድ ለዛሬው ክርክራችን ትምህርት ይሰጣል። በ1923 ዓ.ም. ካተሪን ዋሪንግተን የተባለችው እንግሊዛዊት ሳይንቲስት ባቄላን ቦሮን በሌለበት ውሃ አሳድጋ እንደማይዘልቅ አሳየች። በ1926 ዓ.ም. ሶመርና ሊፕማን ስለ ዚንክ ይህንኑ አረጋገጡ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ አርኖንና ስታውት አንድ ንጥረ ነገር ለተክል አስፈላጊ ነው የሚባለው መቼ እንደ ሆነ በግልጽ ደነገጉ። ተክሉ ያለ እርሱ የሕይወት ዙሩን መፈጸም የማይችል ሲሆን፣ ሌላ ነገር በቦታው ሊተካ የማይችል ሲሆን፣ ሥራውም በቀጥታ በተክሉ አካል ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን ነው አሉ።

እነዚህ ሊቃውንት ተክሉ አማረ ብለው አልጨረሱም። አንዱን ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ እኩል እያደረጉ መረመሩ። ስለ ናኖ ቅንጣት የተጻፈውንም በዚሁ ሚዛን መመዘን ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ መጠኑም ጥቂት እንበል። በአንድ ሄክታር 3 ቶን ስንዴ ቢመረትና በእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ቢገኝ፣ ከማሳው በፍሬ የሚወጣው ዚንክ 90 ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን በሄክታር 25 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት ከነውሃው ብንጨምር ወደ 5.7 ኪሎ የሚጠጋ ዚንክ መጨመራችን ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት ወደ ፍሬው የሚገባው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የናኖ ማዳበሪያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት እንዲህ ካለው ስሌት ነው፤ የቀረው ከዘጠና አምስት እጅ በላይ ባከነ ይላሉ።

በዚህ ላይ የመጀመሪያውን ተቃውሟችንን እናቀርባለን። ናይትሮጅን በአየር ይተናል፤ ውሃም ያጥበዋል፤ ስለዚህ ባከነ ቢባል እውነት ነው። ዚንክ ግን አፈሩን ይዞ ይቀመጣል። ከፊሉ ለሥሩ የማይመች ሆኖ ቢታሰርም ሌላው ለሚቀጥሉት ዓመታት ሰብል ይተርፋል፤ አንድ ጊዜ የተጨመረ ዚንክ ለብዙ መኸር እንደሚያገለግል በተደጋጋሚ ታይቷል። እንግዲህ የአንድ ዓመትን ፍሬ ብቻ ቈጥሮ የቀረውን ሁሉ ኪሣራ ማለት፣ በጎተራ ያለውን እህል እንደ ጠፋ መቍጠር ነው። በዚህ የተሳሳተ ስሌት ላይ የተመሠረተ የናኖ ማዳበሪያ ጥቅም ገና ከመነሻው የተጋነነ ይሆናል።

ለ) የትንሽነት ኀይል ከምን ይመጣል?

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖ ሜትር ይሆናል። በልማድ ናኖ የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ያለው ቅንጣት ነው። ትንሽነት ኀይል የሚሰጠው ገጽን በማብዛት ነው። አንድ ግራም ዚንክ ኦክሳይድ እያንዳንዳቸው 1000 ናኖ ሜትር ስፋት ባላቸው ክብ ቅንጣቶች ቢከፈል፣ የገጹ ስፋት በጠቅላላው 1 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ያው አንድ ግራም ወደ 25 ናኖ ሜትር ቢደቅ ግን ገጹ ወደ 43 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ውሃና አሲድ የሚነኩት ገጹን ስለ ሆነ የደቀቀው ቶሎ ይሟሟል። ይህን የሚክድ የለም፤ የጨው ዱቄት ከአሞሌው ይልቅ ቶሎ እንደሚሟሟ ማንኛዋም ባልቴት ታውቃለች።

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ዚንክ ሰልፌት በውሃ ሲበጠበጥ ጨርሶ ይሟሟል፤ ማለት ዚንኩ ወደ አዮን ይለወጣል። አዮን ደግሞ ከአንድ ናኖ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ተራው ጨው ከናኖ ቅንጣት ይልቅ አስቀድሞ ደቅቋል። ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ በትንሽነቱ የሚበልጠው ሻካራውን ዚንክ ኦክሳይድ ነው እንጂ ጨውን አይደለም። ከጨው ሊበልጥ የሚችል ከሆነ በሌላ ምክንያት ይሆናል፤ ይኸውም ቀስ እያለ በመሟሟቱ፣ ቅጠሉን ባለማቃጠሉ፣ ወይም በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ በመቈየቱ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። «ቶሎ ይሟሟል» የሚለውና «ቀስ እያለ ይለቃል» የሚለው ምስጋና ተቃራኒዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከሻካራው ኦክሳይድ ጋራ ሲወዳደር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ከጨው ጋራ ሲወዳደር እውነት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ሁለቱም ምስጋናዎች ያለ ምንም ማብራሪያ ጐን ለጐን ተሰልፈው ሲገኙ፣ ጸሐፊው የሚፈትነውን ነገር ገና አልለየም ማለት ነው።

ሌላው የሚዘለል ነገር ስለ ቅንጣቱ መጠን ራሱ ነው። በዱቄትነቱ 25 ናኖ ሜትር ነው የተባለው ቅንጣት በውሃ ሲበጠበጥ እርስ በርሱ እየተያያዘ በመቶዎች የሚቈጠር ናኖ ሜትር የሚያህል ጓል ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2011 ዓ.ም. አውጥቶ በ2022 ዓ.ም. ያሻሻለው ትርጓሜ፣ ከቅንጣቶቹ ቍጥር ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ በ1ና በ100 ናኖ ሜትር መካከል ሲሆን ነው ናኖ ቁስ የሚለው። ይህ ለሕግ ይበቃ ይሆናል፤ ለተክሉ ግን ዋናው ጉዳይ ቅጠሉ ወይም ሥሩ ላይ በደረሰበት ሰዓት የነበረው መጠን ነው። ይህን ያልለካ ጥናት ስለ ትንሽነት ሊመሰክር አይችልም።

ሐ) ቅንጣቱ እንዳለ ወደ ተክሉ ይገባልን?

«ማድረስ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ሥዕል በአእምሮ ይፈጥራል፤ ቅንጣቱ ጭነቱን እንደ ያዘ በደጅ ገብቶ፣ በጓዳ አልፎ፣ ዕቃውን ከሚፈለግበት ቦታ የሚያወርድ ይመስላል። የተክሉን አሠራር ስንመረምር ግን ደጁ ጠባብ ነው። በቅጠሉ ሰም መሰል ልባስ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከጥቂት ናኖ ሜትር አይበልጡም፤ በሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ያሉትም በአብዛኛው ከ20 ናኖ ሜትር በታች ናቸው። ቅጠሉ የሚተነፍስበት ደጅ፣ ማለት ስቶማታ፣ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ለቅንጣት መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ የገባው ሁሉ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. የታተሙ ሁለት ጥናቶች ይህን ነገር በሚገባ አብራርተዋል። በአንደኛው፣ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ካውፒ የተባለውን ጥራጥሬ ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ በተጨመረበት አፈር አበቀሉ። ቅንጣቶቹ በአፈሩ ውስጥ ፈጥነው ሟሙ፤ በተክሉ ውስጥም ዚንክ ኦክሳይድ እንዳለ አልተገኘም፤ በዕድገቱና በተክሉ በተከማቸው ዚንክ በኩልም የሚሟሟ ዚንክ ከተጨመረበት አፈር ጋራ ጕልህ ልዩነት አልታየም። በሁለተኛው ጥናት አኩሪ አተር ናኖ ሴሪየም ኦክሳይድና ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ በተጨመረበት አፈር በቅሎ በብርቱ የኤክስሬይ ብርሃን ተመረመረ። የማይሟሟው ሴሪየም በቅንጣትነቱ እንዳለ ፍሬው ድረስ ሲገኝ፣ ዚንኩ ግን ቅንጣትነቱን ትቶ ከተክሉ አሲዶች ጋራ ተዋሕዶ ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። አንዳንድ ናኖ ቅንጣት ወደ ተክል ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም ምግብ የሚሆነው ዓይነት፣ ማለት የሚሟሟው፣ በአፈር ሲሰጥ ከደጅ ላይ ቅንጣትነቱን ይጥላል። እንግዲያስ በዚህ መንገድ የሚሰጥን ናኖ ዚንክ የዚንክ ጐተራ እንጂ የዚንክ መጓጓዣ ልንለው አይገባም። ጐተራ መሆኑም ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በትክክለኛ ስሙ ይጠራ።

መ) አንድ ምሳሌ፤ የ2012 ዓ.ም. የኦቾሎኒ ጥናት

በዚህ ርእስ ላይ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ በደቡብ ህንድ በኦቾሎኒ ላይ የተደረገውና በ2012 ዓ.ም. ስለ ተክል ምግብ በሚጽፍ መጽሔት የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በአማካይ 25 ናኖ ሜትር የሆነ ዚንክ ኦክሳይድ ወስደው ዘሩን አከሙበት። በሚሊዮን 1000 እጅ በሆነ መጠን የታከመው ዘር በብቃት በቀለ፤ ቀድሞም አበበ፤ የአንዱ ተክል ምርትም ኬሌት በሆነ ዚንክ ሰልፌት ከታከመው በመቶ 34 በለጠ። ከዚያም በ2008/2009 እና በ2009/2010 በማሳ ላይ በቅጠል በተረጨ ጊዜ፣ ናኖው በ15 እጥፍ ያነሰ መጠን ተሰጥቶ ሳለ፣ ምርቱ ከሰልፌቱ በመቶ 29.5 እና በመቶ 26.3 እንደ በለጠ ተመዘገበ።

ይህ ሥራ የሚመሰገንበት አለ። ከላቦራቶሪ ወጥቶ ማሳ ላይ ደርሷል፤ አንድ ዓመት ብቻ ሳይል ሁለት ዓመት ተፈትኗል፤ በሚሊዮን 2000 እጅ ሲደርስ ቅንጣቱ ተክሉን እንደ ጐዳም ሳይሸሽግ ተናግሯል። ይሁን እንጂ ስለ ትንሽነት መደምደሚያ ልናደርገው አንችልም። በማጠቃለያው የተሰጡት ቍጥሮች የተሰሉት ከሰልፌት ጋራ ነው። በናኖውና በሰልፌቱ መካከል ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም፤ ውህዱ ኦክሳይድና ሰልፌት በመሆኑ ተለያየ፤ የአንዱ አዮን ሲሆን የሌላው ቅንጣት በመሆኑ ተለያየ፤ በማሳው ላይ መጠኑም በ15 እጥፍ ተለያየ። ምርቱ የበለጠው ናኖው ስለ ረዳ ነው ወይስ ብዙው ሰልፌት ቅጠሉን ስላስቸገረው? በ15 እጥፍ የተቀነሰ ሰልፌትስ ቢረጭ ምን ይሆን ነበር? በዚያው በተቀነሰው መጠን ሻካራ ዚንክ ኦክሳይድ ቢረጭስ? ከነዚህ ቍጥሮች ብቻ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይገኝም።

የዘሩ ሕክምና መጠንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የሊንና የሺንግ ጥናት ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ በሊትር 2000 ሚሊ ግራም ሲሆን የበቆሎን ብቅለት እንደ ከለከለ አሳይቷል፤ የሌሎችንም ተክሎች ሥር ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ጐድቷል። እንግዲህ በአንዱ ጽሑፍ መድኀኒት የተባለውና በሌላው መርዝ የተባለው መጠን የሚለያዩት በእጥፍ ብቻ ነው። በዚያው በ2007 ዓ.ም. በውሃ አረንጓዴ ዋቅላሚ ላይ የተደረገ ምርመራ ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ሻካራ ዚንክ ኦክሳይድና ዚንክ ክሎራይድ እኩል መርዛማ እንደ ሆኑ አሳይቷል፤ ምክንያቱም በሦስቱም የጐዳው የሟሟው ዚንክ ነበር። የሚጐዳው አዮኑ ከሆነ የሚጠቅመውም አዮኑ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር የማንኛውም መርማሪ ግዴታ ነው።

ሠ) ጥናቶቹ በአንድነት ሲታዩ

በ2018 ዓ.ም. ካህና ጓደኞቿ 78 የታተሙ ጽሑፎችን ሰብስበው ናኖ የሆኑትን ማዳበሪያዎችና የተባይ መድኀኒቶች ከተለመዱት ጋራ አወዳደሩ። ያገኙት ብልጫ በመቶ ከ20 እስከ 30 ያህል ነበር። ይህ ቍጥር ትንሽ አይደለም፤ ግን እንደ አብዮት የሚነገርለትን ያህልም ትልቅ አይደለም። ከዚህም በላይ እነዚሁ ጸሐፊዎች በማሳ ላይ የተሟላ ጥናት እንደሚጐድል አስታውቀዋል። በላቦራቶሪና በማሰሮ የተገኘ ብልጫ ዝናብ፣ ፀሐይና አፈር በሚፈራረቁበት ማሳ ላይ ሲደርስ የመቀነስ ልማድ እንዳለው፣ ያልተሳካ ሙከራም ወደ ማተሚያ ቤት የመድረስ ዕድሉ ጠባብ እንደ ሆነ ለምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ብልጫ የላይኛው ወሰን እንጂ የታችኛው አይመስለንም።

ስለ ፍትሕ ግን በጎውንም መናገር ይገባናል። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮኔቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ የሚሠሩት ኤልመርና ዋይት በበሽታ በተበከለ አፈር በሚያድጉ ቲማቲምና ደበርጃን ቅጠል ላይ ናኖ መዳብ ኦክሳይድ ረጭተው በሽታውን እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። የሥራቸው ጥንካሬ በማወዳደሪያው ነው፤ ናኖውን ከሻካራው ኦክሳይድና ከሰልፌቱ ጋራ ጐን ለጐን አሰልፈዋል። እንዲህ ሲደረግ ብልጫው ቢገኝ እናምናለን፤ ባይገኝም እንማራለን። መዳብ ደግሞ ጨው ሆኖ ሲረጭ ቅጠል ስለሚያቃጥል፣ ቀስ እያለ የሚለቀው ቅንጣት የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ናኖ ተስፋ የሚኖረው እንዲህ ባለ ቦታ፣ ተራው ጨው ችግር ባለበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን።

ረ) ከመጽሔት ወደ ገበያ

ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ገንዘቡን የሚያወጣበት ቀን ደርሷል። በ2021 ዓ.ም. በህንድ ኢፍኮ የተባለው የገበሬዎች የማዳበሪያ ኅብረት ናኖ ዩሪያ አውጥቶ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 45 ኪሎ የሚመዝነውን የዩሪያ ከረጢት ይተካል ብሎ አስታወቀ። ይህ ስለ ናይትሮጅን እንጂ ስለ ጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮች ባይሆንም የስሌቱን ጉዳይ ለማሳየት ይረዳናል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በመቶ 4 ስለ ሆነ 20 ግራም ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን በመቶ 46 ስለ ሆነ 20.7 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። ከከረጢቱ ናይትሮጅን ሲሶው ብቻ ለተክሉ ደረሰ ብንል እንኳ ወደ 7 ኪሎ ይሆናል፤ የጠርሙሱ ግን አንዲት ጠብታ ሳይቀር ቢደርስ ከ20 ግራም አያልፍም። በ2023 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ በስለታም ብዕር ተችተውታል። ይህን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል።

በጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮች በኩል ስሌቱ እንዲህ የማይቻል አይደለም፤ የሚፈለገው 90 ግራም ስለ ሆነ በቅጠል ማድረስ ይቻላል። ግን ከዚህም ላይ ቢሆን መቍጠር ይገባል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በመቶ 1 ዚንክ ቢኖረው በውስጡ ያለው 5 ግራም ብቻ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቃል ምንም ቢሆን ከ5 ግራም 90 ግራም አይወጣም።

ሰ) የተራው ጨው ምስክርነት

አዲስ ነገር የሚመዘነው ከምንም ጋራ ሳይሆን ካለው ከተሻለው ጋራ ነው። ያለው ደግሞ ደካማ አይደለም። በቱርክ አገር በማዕከላዊ አናቶሊያ ዚንክ ያነሰበት የስንዴ ማሳ በ1990ዎቹ ዓመታት ከታወቀ በኋላ ዚንክ የተቀላቀለበት ማዳበሪያ እየተስፋፋ ሄዶ በመቶ ሺህ ቶን እስከሚቈጠር ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት በቻይና፣ በህንድ፣ በካዛኽስታን፣ በሜክሲኮ፣ በፓኪስታን፣ በቱርክና በዛምቢያ በስንዴ ቅጠል ላይ ተራ ዚንክ ሰልፌት ሲረጭ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክ በአማካይ ከ27 ወደ 48 ሚሊ ግራም በኪሎ ከፍ ብሏል። ይህ የተገኘው ያለ ናኖ ነው። ስለዚህ ናኖ ዚንክ ያለበት ውድድር ከዜሮ ጋራ ሳይሆን ከዚህ ከ48 ጋራ ነው። ርካሹ ጨው የሚያደርገውን ነገር በውድ ዕቃ ለማድረግ መነሣት ግን አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው።

ሸ) ጉዳዩ በአገራችን

በ1982 ዓ.ም. የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ያሳተመው የሲላንፓ ጥናት የ30 አገሮችን አፈር ሲመረምር ኢትዮጵያም ከነርሱ መካከል ነበረች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱን አፈር በካርታ የማሳየት ሥራ ተካሂዶ፣ ቀድሞ በዳፕና በዩሪያ ብቻ ይታወቅ የነበረው የማዳበሪያ ገበያ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን ያለባቸውን ቅይጦች አወቀ። በ2021 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የሚመረተው እህል በውስጡ የሚይዘው ጥቃቅን ንጥረ ነገር ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። ነገሩ የምርት ብቻ ሳይሆን የሕፃናት ጤናም ነው፤ ዚንክ ያነሰው ሕፃን ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ በሽታም ቶሎ ያጠቃዋል።

በዚህ ሁኔታ ናኖ ዚንክ ምን ሊጨምርልን ይችላል? አሲዳማ በሆነው የምዕራቡ ደጋ አፈር ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ሻካራም ቢሆን ሊሟሟ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽነቱ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ይመስላል። ኖራማ በሆነው የስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ደግሞ ፒኤች በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቍጥር የሚሟሟው ዚንክ ወደ መቶኛ እጅ ይወርዳል፤ በምንም መልክ የገባው ዚንክ ውሎ አድሮ በዚያው ሕግ ይገዛል። በመካከሉ የሚቀረው የቅጠል ርጭት ነው፤ በዚህ በኩል ተስፋ ሊኖር ይችላል፤ ግን ገና አልተፈተነም። ፍሬው ውስጥ የገባውም ዚንክ ሁሉ ለሰው አይደርስም፤ በእህሉ ያለው ፋይቴት ያስረዋል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲብላላ ግን ይህ እስር ይላላል። እንግዲህ ስለ ምግብ የሚጨነቅ መርማሪ ከማሳው አልፎ እስከ ምጣዱ ሊከታተል ይገባዋል።

ቀ) የምናቀርበው አሳብ

ነቅፎ ብቻ መሄድ የተማሪ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ይህን ርእስ ለሚመርጡ ጓደኞቻችንና ለሚመሩአቸው መምህራን በማንኛውም የኮሌጅ የግብርና ክፍል ሊፈጸም የሚችል አንድ የሙከራ ንድፍ እናቀርባለን። አምስት ክፍል ይኑር፤ ምንም ያልተጨመረበት፣ ዚንክ ሰልፌት የተጨመረበት፣ ሻካራ ዚንክ ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ እንዲሁም ቅንጣቱ የተለበጠበት ነገር ለብቻው ያለ ዚንክ የተጨመረበት። በሦስቱ ዚንክ ባለባቸው ክፍሎች የዚንኩ ክብደት እኩል ይሁን። ሁለት አፈር ይመረጥ፤ አንዱ አሲዳማ፣ ሌላው ኖራማ። ቅንጣቱ በዱቄትነቱ ብቻ ሳይሆን በሚረጭበት ውሃ ውስጥም ይለካ። ከሚረጨው ውሃ ተጣርቶ አስቀድሞ የሟሟው ዚንክ ምን ያህል እንደ ሆነ ይመዝገብ። የምርቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ያለው ዚንክ ይለካ። በሁለተኛውም ዓመት ያለ አዲስ ማዳበሪያ ይዘራና የተረፈው ይታይ። በመጨረሻም በፍሬው ውስጥ ለተገኘው ለእያንዳንዱ ግራም ዚንክ ስንት ብር እንደ ወጣ ይሰላ።

ይህ ንድፍ ከብዙዎቹ ከታተሙት ሥራዎች ይልቅ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት መኸር ይፈጃል፤ ውጤቱም «ልዩነት አልታየም» የሚል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንዲህ ያለ ውጤት ቢገኝ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ከተሳካው እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብለን አዘጋጆቹን እናሳስባለን። ልዩነት ያልታየበት ሙከራ ካልታተመ፣ ከኋላችን የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ድካም ሳያውቁ ይደግሙታል፤ ገበሬውም ያልተመረመረውን ጠርሙስ በገንዘቡ ይፈትናል። ይህን ፈተና ለመፈጸም ደመወዝ፣ ሚዛንና ላቦራቶሪ የተሰጠን እኛ ነን፤ ስለዚህ የሙከራው ወጪና ድካም በእኛ በኩል ይሁን።